ቢቲኤስን ከየት ሆነን እንይ? ስታዲየም፣ ሲኒማ ወይስ ስልክ

"አክስቴ፣ አሁን ሰባቱም ከውትድርና ወጥተዋል። እኔ የት ሄጄ ነው የማያቸው?"

የእህቴ ልጅ ናት፣ ከአዲስ አበባ ደውላ። ሰባት አባላት ስላሉት የኮሪያ የሙዚቃ ቡድን፣ ስለ ቢቲኤስ ነው የምታወራው። ጂን በዲሴምበር 2022 ሠራዊቱን ተቀላቀለ። የመጨረሻው ሹጋ አገልግሎቱን የጨረሰው በጁን 2025 ነው። (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኮንሰርት ቀን እንዳይምታታ።) ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሪያድ ናት። ልጅቷ ደግሞ አዲስ አበባ። ሦስታችንም አርሚ፣ ማለትም የቢቲኤስ አድናቂዎች ነን። የምናየው ግን ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ አቅምና በተለያየ ፓስፖርት ነው።

ብዙ ሰው የትኬት ዋጋ አይቶ ይወስናል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ትኬቱ ብዙ ጊዜ ከወጪው ትንሹ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "የያዝሽው ፓስፖርት የት የት ያስገባሻል?" ብዬ ነው። ቀጥሎ "ከኮንሰርቱ የምትፈልጊው ምንድን ነው?" እላለሁ። ፊታቸውን በደንብ ማየት ነው ወይስ ከሕዝቡ ጋር አብሮ መዝፈን? ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ የምታገኝ ሰው በጣም ዕድለኛ ናት።

ካርታውን እንይ

ለማነጻጸር ጥሩ መነሻ የሚሆነው የ2019ኙ የስታዲየም ጉዞ ነው። ከሜይ እስከ ኦክቶበር በ10 ከተሞች 20 ምሽት ተጫወቱ። ሎስ አንጀለስ ሮዝ ቦውል፣ ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ፣ ኒው ጀርዚ ሜትላይፍ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ለንደን ዌምብሌይ፣ ፓሪስ ስታድ ደ ፍራንስ፣ ኦሳካ፣ ሺዙኦካ፣ ሪያድ፣ መጨረሻ ላይ ሴኡል። ሪያድ አንድ ምሽት ብቻ ደረሳት፣ ሴኡል ሦስት፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት። አፍሪካ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው በአካል ማየት ከፈለገ አህጉር መሻገር አለበት። እቅዱን ሲያወጣ ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቀው ይሻላል።

ዓረብ አገር ላላችሁ

ኦክቶበር 11 ቀን 2019 ዓርብ ነበር። እህቴ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ንጉሥ ፋህድ ስታዲየም ለመግባት ፈቃድ መለመን አላስፈለጋትም። የመኖሪያ ፈቃዷ እጇ ላይ ነው፣ ቪዛ የለ፣ አውሮፕላን የለ። ከፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዋ ጋር በታክሲ ሄዱ። "ከላይ እስከ ታች ጥቁር ዓባያ ለብሰን፣ እጃችን ላይ የአድናቂዎቹን መብራት ይዘን፣ በኮሪያኛ እየጮህን" ብላ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ከሁሉ የሚረክሰውና የሚቀለው ይኼ ነው። ችግሩ በየጊዜው የሚመጣ ነገር አይደለም። ቢቲኤስ በ2016 አቡዳቢ ላይ ከሌሎች ድምፃውያን ጋር ተጫውቷል። የኮሪያዎቹ ሴት ዘፋኞች ቡድን ብላክፒንክ በጃንዋሪ 2023 ሪያድና አቡዳቢ መጥተዋል። በ2025 በጀመሩት ጉዟቸው ግን ጎያንግ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቺካጎ፣ ቶሮንቶ፣ ኒው ዮርክ፣ ፓሪስ፣ ሚላን፣ ባርሴሎና፣ ለንደን፣ ከዚያም ወደ እስያ። ዓረብ አገር አልረገጡም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በምትኖሩበት አገር ከተገለጸ ሌላ ነገር ሳታስቡ ያዙት። ከአሠሪያችሁ ጋር ቀኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ዓርብ ላይሆን ይችላልና። ለዚህ ብላችሁ ግን ሌላውን ዕድል ሁሉ አትለፉ። አንዲት ምሽት ለመጠበቅ ሦስትና አራት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

አውሮፓና አሜሪካ

ዲያስፖራው በብዛት የሚወስነው በዚህ መሀል ነው። እኔም በደንብ የማውቀው ይህንን ነው።

ሜይ 2019 ሜትላይፍ ሁለቱንም ቀን ገባሁ። የመጀመሪያውን ቀን ከልጄ ጋር ላይኛው ፎቅ ላይ ነበርን፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ግን በጣም ሩቅ። ማግስቱን አንዲት ጓደኛዬ አሟት የሜዳ ትኬቷን ሰጠችኝ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ስላየሁ ልዩነቱን ልንገራችሁ።

ከላይ ሆኜ ከሰባቱ አንዱ፣ ጂሚን፣ የአውራ ጣት ያህል ነው። ፊቱን ያየሁት በስክሪን ነው። ድምፁም ትንሽ ይዘገያል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 150 ሜትር ከራቃችሁ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስና ቃሉ ሲደርስ አይገጥምም። ግን መብራቱ! አርሚ ቦምብ የሚባለው የእጅ መብራት በስልክ መተግበሪያ ከመቀመጫ ቁጥራችሁ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን የሚቀያይሩት የመድረኩ ባለሙያዎች ናቸው። ወይን ጠጁ ከግራ ተነስቶ ስታዲየሙን ሁሉ እንደ ማዕበል ሲዞር የሚታየው ከላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ልጄ እጄን ጨብጣ "እማ፣ እኛም እኮ እዚያ ውስጥ ነን" አለችኝ።

በማግስቱ ሜዳ ላይ ሆኜ ያንን ማዕበል አላየሁትም። መሀሉ ላይ ነበርኩ። ቁመቴ አጭር ነው፣ ከፊቴ የቆሙት ሰዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል፣ ከመድረኩ የሚበዛውን ያየሁት በሰው ስልክ በኩል ነው። በአንድ ዘፈን ላይ ግን ጄይሆፕ በማራዘሚያው መድረክ በኩል እስከኛ መጣ። ከአሥር ሜትር አይበልጥም። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁት። ያቺን ቅጽበት ለመግለጽ እስከ ዛሬ ቃል የለኝም።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ረጅም ከሆናችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁ ሜዳ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ከመድረኩ ጎን ያለው ዝቅተኛው ፎቅ። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ረድፎች ካገኛችሁ ከመሀል ሜዳው አስበልጠዋለሁ። ከመድረኩ ኋላ ወይም ከትልቅ ስክሪን አጠገብ ያለውን መቀመጫ ግን ሦስት ጊዜ አስቡበት። በጁላይ 2025 ብላክፒንክ ጎያንግ ላይ ሲጫወቱ አንዱ የመቀመጫ ክፍል መድረኩ ስለተጋረደበት አዘጋጁ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል። በአውሮፓ ሜዳው ብዙ ጊዜ መቆሚያ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ መሰለፍ አለ። ጉልበታችሁን አስቡ።

ስለ ትኬት ግዢ። የአርሚ አባልነት ዊቨርስ በሚባለው የአድናቂዎች መተግበሪያ ላይ በየዓመቱ ይገዛል፤ ቅድመ ሽያጭ የሚገቡት አባላት ናቸው። አባል መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ለቅድመ ሽያጩም በተሰጠው ቀን ውስጥ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ቀን ያሳለፉ ስንት ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ መቀመጫ ዋጋው በፈላጊ ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። ወረፋው ውስጥ ገብታችሁ ዋጋው ሰማይ ከነካ ተረጋጉ። ኮንሰርቱ ሲቃረብ አዘጋጆቹ የመድረኩን ቅርጽ ስለሚያውቁት ያልተሸጠ መቀመጫ በመደበኛ ዋጋ የሚለቁበት ጊዜ አለ። ከማያውቁት አትራፊ በሶሻል ሚዲያ መግዛት ግን ይቅርባችሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን የአንድ ወር ደመወዟን ለአንድ ሰው ልካ በር ላይ ስትደርስ ያው ትኬት ለአራት ሰው ተሸጦ አገኘችው።

ስለ ቪዛ ደግሞ። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ፓሪስ ያለ ቪዛ ትሄዳላችሁ። ለንደን ግን ሌላ ነው፣ የሼንገን (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች) ፈቃድ እንግሊዝ አያስገባም። በ2019 አንድ ሳምንት ነበር በዌምብሌይና በስታድ ደ ፍራንስ መሀል ያለው ልዩነት። የትኛው እንደሚቀላችሁ ካወቃችሁ ያንን ብቻ ሞክሩ። ከእስራኤል ለምታነቡ፣ በእስራኤል ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ፓሪስም ሚላንም ክፍት ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመሄድ ለምታስቡ ግን ቪዛው ሳይመታ ትኬት አትግዙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የቪዛ ቀጠሮና የኮንሰርት ቀን የሚተዋወቁ ነገሮች አይደሉም።

ሴኡል

ሴኡል ላይ ማየት ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው ነው። የ2019ኙ ጉዞ የተዘጋው እዚያው ጃምሺል ኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። መዝጊያ ምሽት ላይ ንግግሩ ይረዝማል፣ እንባውም ይበዛል። በዘፈኑ መሀል ሕዝቡ የሰባቱን ሙሉ ስም በተራ ይጠራል። ኪም ናምጁን! ኪም ሶክጂን! ሚን ዩንጊ! ጆንግ ሆሶክ! ፓርክ ጂሚን! ኪም ቴህዮንግ! ጆን ጆንግኩክ! ቢቲኤስ! ይህ ጥሪ በየአገሩ አለ፣ ኮሪያ ላይ ግን አንድም ሰው አይሳሳትም።

ንግግሩ ኮሪያኛ ብቻ ነው። አሜሪካ ላይ የቡድኑ መሪ አርኤም በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ለሌሎቹ አስተርጓሚ አለ። ሴኡል ላይ ሲስቁ አብራችሁ ትስቃላችሁ፣ ለምን እንደሳቃችሁ የምታውቁት ሆቴል ገብታችሁ ትርጉሙን ስታነቡ ነው። ኮሪያኛ እየተማራችሁ ካልሆነ ይህን ከግምት አስገቡ።

አሁን አሁን ትልልቅ ኮንሰርቶች ጎያንግ ስታዲየም እየሆኑ ነው፣ ጃምሺል እድሳት ላይ ስለሆነ። ጎያንግ ከሴኡል ሰሜን ምዕራብ ናት፣ በሜትሮ ሦስተኛ መስመር መጨረሻው ዴህዋ ጣቢያ ነው የምትወርዱት። ሆቴል በዚያ መስመር ላይ ፈልጉ። ከኮንሰርት በኋላ በዚያ ሌሊት ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ ለኛ የተለየ ጉዳይ አለ፣ ስም። በኮሪያ የትኬት ስም ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። ሕይወት የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የዊቨርስ አካውንት ስትከፍቱ ፓስፖርቱን ከፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ቅዱት፣ የአባትና የአያት ስም አቀማመጥም ሳይቀር። ለጊዜው በቅጽል ስም ከፍቼ በኋላ አስተካክላለሁ ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢንቾን ስለሚበር ከአዲስ አበባ መንገዱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ቪዛውን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የኮሪያ ኤምባሲ ነው፤ የሥራ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም።

ሴኡል ከደረሳችሁ ደግሞ አንድ ቀን ለቹንቾን ስጡ። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን መታሰቢያ ያለው እዚያ ነው። በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው እንደ ጎጆ ነው የተሠራው። ፊት ለፊቱ ወንዙ ዳር ከ1968 ጀምሮ ያለ ቡና ቤት አለ፣ ስሙ "ኢትዮጵያ" ነው። አያቴ ወንድም ነበረው፣ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ። ልጄ በኮሪያ ሙዚቃ በኩል ስለሱ መጠየቅ ስትጀምር ነው እኔም ፎቶውን ከእናቴ ሻንጣ ያወጣሁት።

ሲኒማ

ሲኒማውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከልቤ የምመክረው ነው።

ማርች 2022 ቢቲኤስ ሴኡል ላይ ሦስት ቀን ተጫወተ። ወረርሽኙ ገና ስላላለፈ በየቀኑ የገባው 15,000 ሰው ብቻ ነው። መጮህ ክልክል ነበር። ተመልካቹ የወረቀት ማጨብጨቢያ ይዞ ነው የተቀመጠው። የመሀለኛው ቀን፣ ማርች 12፣ በ75 አገሮችና ግዛቶች በ3,700 ገደማ ሲኒማ ቤቶች ታየ። ከትኬት የተሰበሰበው 32 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። አስቡት፣ ስታዲየም የገባው ሰው ድምፁን ውጦ ሲያጨበጭብ፣ ሜሪላንድ ሲኒማ ውስጥ እኛ ጉሮሯችን እስኪነቃ ዘፈንን። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ለልጅ ልጇ ብላ የመጣች ናት። መጨረሻ ላይ መብራቱን ተቀብላ እሷ ነበረች የምታወዛውዘው።

ሲኒማ ፊታቸውን ያሳያችኋል። ድምፁ ንጹሕ ነው። ትርጉም ከሥር ይጻፋል። የምታጡት ያንን ቅጽበት ከነሱ ጋር አንድ ቦታ መሆንን ነው። አንዳንዴም ሰዓቱን ታጣላችሁ። አሜሪካ ላይ ለምሳሌ የኮሪያው ሰዓት ሌሊት ስለሚሆን ማታ ላይ ዘግይቶ ነው የታየው። ያንን ቀን ስልኬን ዘግቼ ነው የዋልኩት፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር ማንም እንዳያበላሽብኝ።

በከተማችሁ የሚያሳይ ሲኒማ መኖሩን አረጋግጡ። ካለ ቢያንስ ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሚቀመጥ ሰው አይዘፍንም።

ስልክና ቲቪ

በጁን 2020 በኢንተርኔት ባቀረቡት ኮንሰርት በአንድ ጊዜ ከ756,000 ሰው በላይ አይቷቸዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለሁለት ቀን ያቀረቡት ደግሞ ከ191 አገሮች 993,000 ተመልካች አገኘ። የካሜራውን ማዕዘን ራሳችሁ የምትመርጡበት ነበር። እዚህ ጋ ስታዲየሙ ይሸነፋል። ሜዳ ላይ ያለች ሴት ሹጋን ብቻ ልከተል ብትል አትችልም።

ከአዲስ አበባ ሦስት ነገር ያስቸግራል። ክፍያ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት።

ክፍያውን ውጭ ያለ ዘመድ ቢከፍለው ይቀላል፤ ግን በእናንተ አካውንት ገብቶ እንጂ በራሱ አካውንት እንዳይገዛው። ብዙ ጊዜ በአንድ አካውንት በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚታየው። ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ ጥሩ ጥራት ባለው ምስል በሰዓት 3 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ኮንሰርቱ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ስለሚችል 10 ጊጋ ያዙ። ሲቆራረጥ ጥራቱን ቀንሱት፣ ድምፁ ከተሰማ ምስሉ ይደርሳል። ለመብራቱ ፓወር ባንክ ከዋዜማው ሙሉ ይሁን። ለእጅ መብራቱ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ባትሪ።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ሴኡል ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ በኮሪያ ማስታወቂያ ላይ የማታ 7 የሚል ካያችሁ፣ ለአዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 6 ካለ 6 ሰዓት ነው። ምንም መደመር መቀነስ የለም። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ጮኸች፣ ለዓመታት በስልኳ ስታሰላ ነበር የኖረችው። ሪያድም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆነች ሐበሻ ሰዓት ለሚቆጥር ያው ነው። የአሜሪካው ግን ከባድ ነው። ሎስ አንጀለስ በፈረንጆቹ በጋ (በኛ ክረምት) ማታ 7:30 ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 11:30 ነው። ፓሪስ በዚያው ወቅት ማታ 7:30 ሲሆን ማታ 2:30፣ ለንደን ከሆነ 3:30።

ስለዚህ በቀጥታ ለማየት የሴኡሉን ምሽት ምረጡ። ለኛ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከምሳ በኋላ። እናት "ተኚ" አትልም፣ ጎረቤት አይረበሽም።

ለልጅቷ ያልኳት

ዘንድሮ የትም አትሂጂ አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ናት፣ የቪዛ ማስረጃ የሚሆን የራሷ ገቢ የላትም፣ እምቢ ከተባለች ደግሞ ማኅተሙ ፓስፖርቷ ላይ ከሚቀመጥ ልቧ ላይ የሚቀመጠው ይብሳል። ከሴኡል የሚተላለፈውን አንድ ምሽት እኔ እከፍልላታለሁ። አምስት ጓደኞቿን ትጥራ። ቲቪው አባቷ ሳሎን ያለው ትልቁ ነው፣ የስልኩ ገመድ ይደርሳል። ሥራ ስትይዝ ሴኡልን አብረን እንሄዳለን፣ ቹንቾንንም ጨምረን።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ሰዓቱ 7 ከሆነ 7 ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ 7 ከሆነ 7 ነው።"

"እንግዲያው ቡና 6 ሰዓት ላይ እናፈላለን። አንቺም ደውዪ፣ ስማቸውን አብረን እንጥራ።"

እኔ ጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ማንቂያውን ሞልቼዋለሁ።